አማርኛ ለምትማሩ የአሜሪካ ዲፕሎማቶች፦ በራችሁ ላይ ስማቸው ስለተጻፈው ሰው

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ በጆርጅ ሜሰን ድራይቭ በኩል በሚገባው ግቢ ውስጥ አማርኛ ለምትማሩ ሰዎች ነው። በአማርኛ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። የቤት ሥራ አድርጉት። ሌላው አንባቢም ከጎን ሆኖ ማየት ይችላል። ሐበሻ የሰው ደብዳቤ ማንበብ አይጠላም።

እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። እዚህ አካባቢ ስነዳ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ግቢያችሁን ከውጭ ብቻ ነው የማውቀው፤ ሰው በሩ ላይ አውርጄ እመለሳለሁ። በቀደም፣ ዝናብ ሲወርድ የዋለ ቀን፣ ከባልስተን ባቡር ጣቢያ አንዲት ልጅ ጫንኩ። ከኋላ ተቀምጣ ትናንሽ ካርዶች እያገላበጠች ለብቻዋ ታወራለች። ጆሮዬን ጣል ባደርግ «ኮክ… ኮቅ… ቆክ…» ትላለች። ትን ያላት መስሎኝ ውኃ ላቀብላት ነበር። ለካ «ቆቅ» ለማለት እየታገለች ነው።

«ጉሮሮሽን ዝጊና በአንዴ ልቀቂው» አልኳት በአማርኛ። ደነገጠች። ከዚያ ሳቀች። ጥቂት ቃላት ተለዋወጥን። አማርኛ አርባ አራት ሳምንት እንደሚፈጅባችሁ ነገረችኝ። የበሩ አጥር ሲታየን «ይሄ ሹልዝ የሚባለው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት፤ ግቢው የተሰየመው በስማቸው ነውና። ካርዶቿን አስቀምጣ አሰበች። «የድሮ… ሚኒስትር… ይመስለኛል» አለች።

አልተሳሳተችም፤ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ግን «ይመስለኛል» የምትለዋ ቃል አላስተኛችኝም። በየቀኑ በስማቸው ሥር የሚያልፍ ሰው ትንሽ ተጨማሪ ነገር ሊያውቅ ይገባል። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ከመጀመሬ በፊት አንድ የሰዋስው ነገር። ስለ ጆርጅ ሹልዝ ስጽፍ አንቱ እያልኩ ነው፤ «ተወለዱ»፣ «አሉ»፣ «ሄዱ»። በ100 ዓመታቸው የሞቱ ሰው ናቸው፤ በአማርኛ ሌላ መንገድ የለም። ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ግን አንቱ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ለምን እንደሆነ ወደፊት ታያላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእናንተ አቆጣጠር ነው።

ሹልዝ በታኅሣሥ 1920 ኒው ዮርክ ተወለዱ። ለቤታቸው አንድ ልጅ ናቸው። ፕሪንስተን ኢኮኖሚክስ ተማሩ። የፕሪንስተን ምልክት ነብር ነው፤ እሳቸውም ነብሩን በመቀመጫቸው ላይ ተነቅሰውታል። ይሄ ወሬ አይደለም፣ የታወቀ ነው። ስታነቡ ቀና ብላችሁ አንብቡ።

እኔ የምወደው የተማሪነት ታሪካቸው ሌላ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፋቸው መንግሥት በቴነሲ ሸለቆ ለገበሬዎች የሚያደርገውን ድጋፍ ሊያጠኑ ሄዱ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አልተቀመጡም፤ ተራራ ላይ ካሉ ድሃ ገበሬዎች ቤት ገብተው ሰነበቱ። እዚያ ሆነው ገበሬው ቅጹን እንዴት እንደሚሞላ አዩ። የሚሞላው ማዳበሪያው እንዳይቀርበት ነው። ዋሽንግተን የሚደርሰው ቁጥር ሌላ፣ ማሳው ላይ ያለው ሌላ። ማዳበሪያና ሪፖርት የሚባሉትን ሁለት ነገሮች አብሮ የሚያውቅ የአገሬ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ማሪን ሆነው ፓስፊክ ዘመቱ። በሥልጠና ላይ አሥር አለቃው ጠመንጃ ሲያስረክባቸው፣ ቃታ ለመሳብ ካልቆረጥክ ይህን ጠመንጃ ሰው ላይ እንዳታነጣጥር ብሎ አስጠነቀቃቸው። ይህችን ነገር ዕድሜ ልካቸውን ሲደግሟት ኖሩ። ባዶ ዛቻ አይወዱም ነበር።

ከጦርነት መልስ አስተማሪ ሆኑ። ኤም አይ ቲ ከሚባለው ዩኒቨርሲቲ በ1949 ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ እዚያው እስከ 1957 አስተማሩ። ቀጥሎ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሄደው የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ዲን ሆኑ። የሚያስተምሩት ሠራተኛና አሠሪ እንዴት እንደሚደራደሩ ነው። ክፍል ውስጥ ብቻም አልቀሩም፤ ፋብሪካና ማኅበር ሲጣሉ ዳኛ ሆነው ይቀመጡ ነበር። በእኛ አማርኛ ሽማግሌ ነበሩ ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ የኋላውን ሁሉ ያደረጉት በዚህ ሙያ ነው።

በ1969 ኒክሰን የሠራተኛ ሚኒስትር አደረጋቸው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ የምሥራቅ ወደቦች ጫኝና አውራጆች ሥራ አቁመዋል። መርከብ ተደርድሯል፣ ነጋዴ ይጮኻል፤ የቀድሞው መንግሥት በሕግ አስገድዶ ሊያስቆመው ሞክሯል። ሹልዝ ደግሞ ፕሮፌሰር ሳሉ፣ መንግሥት በገባ ቁጥር ባለጉዳዮቹ መደራደር ይተዋሉ፣ ሁሉም ዋይት ሐውስን ይጠብቃል እያሉ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። አሁን ያስተማሩትን በራሳቸው ላይ ይሞክሩት ዘንድ ተራቸው ደረሰ። ኒክሰንን «ተዋቸው» አሉት። ተዋቸው። ከሳምንታት በኋላ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ተስማሙ።

ወግ አጥባቂ ነበሩ ስንል እንዲህ ዓይነቱን ማለታችን ነው። የሪፐብሊካን ፓርቲ ሰው፣ ገበያ የሚያምኑ፣ መንግሥት እጁን ቶሎ ባያስገባ የሚሉ። ግን እጅ ማስገባት ያለበትን ቦታ ያውቁ ነበር። የሚቀጥለው ታሪክ እሱ ነው፤ ረዘም ላደርገው ነው፣ ታገሡኝ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁርና ነጭ ሕፃናት ለየብቻ መማራቸው ሕገ ወጥ ነው ካለ ዓመታት አልፈዋል። በደቡብ ግን ብዙ ቦታ ምንም አልተለወጠም። በ1969 መጨረሻ ፍርድ ቤቱ «አሁኑኑ» አለ። በ1970 መስከረም ትምህርት ሲከፈት ደም ይፈሳል ብሎ ያልፈራ አልነበረም። ኒክሰን ጉዳዩን ለምክትሉ ለአግኒው ሰጠው፤ ምክትሉ መነካካት አልፈለገም። ሸክሙ ሹልዝ ላይ ወደቀ።

ሹልዝ በሰባት የደቡብ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ የተቀላቀሉበት የሽማግሌ ኮሚቴ አቋቋሙ። መጀመሪያ የመጡት የሚሲሲፒዎቹ ናቸው። ዋይት ሐውስ ውስጥ ጠዋቱን ሙሉ ተከራከሩ። ሹልዝ አላቋረጧቸውም። ሁሉም ያለውን ተናግሮ ሲደክም፣ አስቀድመው ያዘጋጁትን የፍትሕ ሚኒስትር ጆን ሚቸልን አስጠሩ። ደቡቦቹ ሚቸልን እንደ ወዳጅ ያዩታል። «ትምህርት ሲከፈት ምን ልታደርግ ነው?» ተባለ። ሕግ አስከብራለሁ ብሎ ወጣ። ነገሩ አለቀ፤ ይሁን አይሁን የሚለው ክርክር ተዘጋ፣ እንዴት የሚለው ብቻ ቀረ።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ስቴት ዲፓርትመንት ወሰዷቸው፤ የእናንተው መሥሪያ ቤት የክብር እንግዳ ወደሚቀበልባቸው ክፍሎች። አንድ ገበታ ላይ ዶክተር ጊልበርት ሜሰንና ዋረን ሁድ ተቀመጡ። ሜሰን የቢሎክሲ ሐኪም ነው፤ ጥቁር የማይረግጠውን የባሕር ዳርቻ ለማስከፈት የታገለ። ሁድ ነጭ ነው፤ የሚሲሲፒ የፋብሪካ ባለቤቶች ማኅበር መሪ። ሹልዝ ሁለቱን አስቀምጠው ተነስተው ሄዱ።

የእኛ አገር ሽማግሌ እንዲህ አያደርግም። መሐል ይቀመጣል፣ ይገዝታል፣ «ስለ እኔ ብለህ» ይላል። ሹልዝ ትተዋቸው ሄዱ። ሲመለሱ ሁለቱ ሰዎች እየተስማሙ ነበር። የቀሩት ስድስት ግዛቶችም በዚሁ መንገድ ተያዙ። በመስከረም ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ የተፈራው ደም አልፈሰሰም።

ፕሮፌሰር ሚኒስትር ሲሆን ብዙ ጊዜ የምናየው ሌላ ነው። ስብሰባውን ሌክቸር ያደርገዋል፤ ሰው ሲናገር እሱ መልሱን እያዘጋጀ ነው። እኚህ ሰውዬ ከክፍል ይዘውት የመጡት ዝም ማለትን ነው። ለዚህ ነው ይህን ታሪክ በኋላ ከሶቪየቶች ጋር ከተፈረመው የሚሳይል ውል በፊት የማስቀምጠው።

ከዚያ የበጀት ቢሮ፣ በ1972 ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትር። አሁን ኒክሰንን ለምን አንተ እንደምለው ልንገራችሁ። በ1972 የግብር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጆኒ ዎልተርስ አንድ ወረቀት ይዘው ወደ ሹልዝ መጡ። ከዋይት ሐውስ የተላከ የጠላት ዝርዝር ነው። እነዚህን ሰዎች በግብር አጥብቃችሁ መርምሩ ይላል። ሹልዝ አዩትና ቆልፍበት፣ ምንም አታድርግ አሉ። ዎልተርስ ካዝና ውስጥ ቆለፉበት። ኒክሰን በንዴት ሹልዝን ሲሰድብ በራሱ የቴፕ ቅጂ ላይ ተገኝቷል። ስድቡን አልተረጉመውም፤ እናንተ እንግሊዝኛውን ፈልጋችሁ አዳምጡት።

ይህን ሁሉ ሳወድስ እንከናቸውን ልደብቅ አይደለም። ኒክሰን በነሐሴ 1971 ደሞዝና ዋጋ በአዋጅ ሲያስር ሹልዝ አላመኑበትም። ገበያ አማኝ ናቸውና ሊያምኑበትም አይችሉም። ግን ወንበራቸው ላይ ቆዩ። በ1973 ዋጋ እንደገና በአዋጅ ሲታሰር ነው መሄጃቸውን የቆረጡት፤ የወጡትም በ1974 ነው። የማያምኑበትን ነገር ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ተሸከሙ። ዘገዩ ባይ ነኝ። ከዚያ ቤክቴል በሚባለው ትልቅ የግንባታ ድርጅት ሠሩ፤ ስለሱ የምለው የለኝም።

በሐምሌ 1982 ፕሬዚዳንት ሬገን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረጓቸው። እዚህ ላይ እኔም እገባለሁ።

በዚያ ዘመን ገዳሪፍ ነበርኩ። ከጎንደር በመተማ አድርጌ በእግሬ የገባሁ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ልጅ። ረሃቡን በዓይኔ አይቻለሁ። የአሜሪካ እህል ደርግ ወደሚገዛው አገር ሲገባ ብዙ ሰው ገርሞት ነበር፤ ደርግ የሶቪየት ወዳጅ ነዋ። በመጋቢት 1985 ደግሞ የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ከገዳሪፍ አጠገብ ወደ 500 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያንን አንስተው ወደ እስራኤል ወሰዱ። እኛ ያኔ ምንም አላወቅንም፤ ወሬው የደረሰን ቆይቶ ነው። እኔ በስደተኛ ፎርም ተራዬን ጠብቄ አሜሪካ ገባሁ። በዓመት ስንት ስደተኛ ይግባ የሚለውን የሚቆርጠው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ሥራውን የሚመራው ግን የእናንተው መሥሪያ ቤት ነው። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ያኔ ሹልዝ ነበሩ። እሳቸው እኔን አያውቁኝም። እኔም ስማቸውን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ፣ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ስሰማ ነው።

አፍሪካዊ ነኝና ደቡብ አፍሪካን ማለፍ አልችልም። የሬገን መንግሥት በአፓርታይድ ላይ ማዕቀብ አልፈልግም ሲል ሹልዝም አብረው ነበሩ። ኮንግረሱ በ1986 የፕሬዚዳንቱን እምቢታ ሽሮ ማዕቀቡን አጸደቀ። ሹልዝ አፓርታይድን የሚታገለውን የኤ ኤን ሲን መሪ ኦሊቨር ታምቦን አግኝተው ያነጋገሩት ከዚያ በኋላ፣ በጥር 1987 ነው። የቤሩቱም አለ። ማሪኖቹ እዚያ እንዲቆዩ ከወተወቱት አንዱ እሳቸው ነበሩ፤ በጥቅምት 1983 ሰፈራቸው በቦምብ ፈንድቶ በአንድ ጠዋት 241 አሜሪካውያን ሞቱ። የአሥር አለቃውን ምክር የሚደጋግሙት ሰው እዚያ ቃታው በማን እጅ እንደሆነ ያወቁ አይመስለኝም።

ሶቪየቶቹ ጋ ግን መምህሩ ተመለሱ። የሶቪየቱን መሪ ጎርባቾቭን ሲያገኙ ሰንጠረዥና ክብ ሥዕል ይዘው እየሄዱ የዓለም ኢኮኖሚ ወዴት እያመራ እንደሆነ ያስረዷቸው ነበር። ዘመኑ የመረጃ ነው፤ መረጃ የሚዘጋ አገር ወደኋላ ይቀራል ይሉ ነበር። ክሬምሊን ውስጥ ሴሚናር ማለት ነው። ጎርባቾቭም አልተቆጡም፤ ጠየቁ፣ ተከራከሩ። በታኅሣሥ 1987 የመካከለኛ ርቀት ሚሳይሎቹ ውል ዋሽንግተን ላይ ተፈረመ። ሹልዝን በጣም ያብጠለጥሏቸው የነበሩት ያኔ ሶቪየቶች ሳይሆኑ የራሳቸው ወገን ወግ አጥባቂዎች ነበሩ።

በ1985 መጨረሻ ሌላ ነገር መጣ። ምስጢር የሚያዩ ባለሥልጣናት የውሸት መመርመሪያ ማሽን ላይ ይቀመጡ የሚል መመሪያ ወጣ። ሹልዝ ጋዜጠኞች ፊት፣ በዚህ መንግሥት ውስጥ አትታመንም የተባልኩ ቀን ያን ቀን እሄዳለሁ አሉ። ሬገን አፈገፈጉ። ለኢራን በድብቅ መሣሪያ ሲሸጥም ተቃውመው ነበር። መልቀቂያም ደጋግመው አቅርበዋል። የሚመለሱበት ክፍልና ጥቁር ሰሌዳ ያለው ሰው እንዲህ ማለት ይቀለዋል። ወንበሩ ብቻ ያለው ሰው ግን ይከብደዋል፤ ይህን በሁለቱም አገሮቼ አይቻለሁ።

ሲያረጁ ምን ሆኑ? እንደ መምህርነታቸው ስታንፎርድ ገቡ። ከዘጠና ካለፉ በኋላ ቴራኖስ በሚባል የደም ምርመራ ኩባንያ ቦርድ ውስጥ ተቀመጡ። የልጅ ልጃቸው ታይለር እዚያ ይሠራ ነበር። ማሽኑ የተባለውን እንደማይሠራ አየና ለአያቱ ነገረ። አያት አላመኑትም፤ የኩባንያውን መሪ አመኑ። የሚሲሲፒዎቹን ክርክር ጠዋቱን ሙሉ ሳያቋርጡ የሰሙ ሰው፣ ቤታቸው የመጣውን ልጅ አልሰሙም። በኋላ ነገሩ ሲፈነዳ በታይለር እንደኮሩ ተናግረዋል። እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ ያመመኝ ያህል በሌላው አላመመኝም። አያት ነኝና።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። አዲስ አበባ ስትደርሱ ሰው «እሺ» ይላችኋል። በጣም ብዙ «እሺ» ትሰማላችሁ። እሺ ሁሉ እሺ አይደለም። አንዳንዱ «ሰማሁህ» ነው፣ አንዳንዱ «አታድክመኝ» ነው፣ አንዳንዱ የቴነሲው ገበሬ ፎርም ነው። ወደ ዋሽንግተን ሪፖርት ከመጻፋችሁ በፊት ሰውየው ቤት ሄዳችሁ ቡና ጠጡ። ሦስተኛው ሲኒ ላይ፣ በረካ ላይ፣ እውነቱ ይመጣል። ሁለተኛው ላይ የምትነሱ ከሆነ ባትሄዱ ይሻላል።

ስለ ሉሉ ምናልባት ሰምታችኋል። ሹልዝ አዲስ አምባሳደር ሊሰናበት ቢሯቸው ሲመጣ ወደ ትልቁ ሉል ይወስዱታል። «ከመሄድህ በፊት አገርህን አሳየኝ» ይሉታል። አምባሳደሩ ሉሉን አዙሮ የተመደበበት አገር ላይ ጣቱን ያሳርፋል። ሁሉም ይወድቃል። ማይክ ማንስፊልድ፣ የጃፓኑ አምባሳደር፣ እጃቸውን አሜሪካ ላይ አድርገው «አገሬ ይሄ ነው» አሉ ይባላል። ሹልዝ ከዚያ በኋላ ታሪኩን ለመጪው ሁሉ ይነግሩ ነበር።

እኔ ቤት የሴት ልጄ የትምህርት ቤት ሉል አለ። የዛሬ ሃያ ዓመት የተገዛ፣ ዘንጉ የላላ። ይህን ታሪክ የሰማሁ ማታ ራሴን ልፈትን አዞርኩት። ጣቴ መጀመሪያ ጣና ላይ ሄደ። አነሳሁት። ቨርጂኒያ ላይ አደረግኩት። እሱንም አነሳሁት። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ምን ጠፋብህ?» አለችኝ። እናንተ ፈተናውን ማለፍ ይቀላችኋል፤ በቀላሉ እንዳታልፉት ግን አደራ።

ለዚያች ልጅ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ከባልስተን እስከ በራችሁ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሒሳቧን ከፍላ፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ ወረደች። ጥቂት ከተራመደች በኋላ ግን ተመልሳ መጥታ መስኮቴን አንኳኳች። ዝቅ አደረግኩት።

«ቆቅ!» አለች።

ጥርት ያለ ነበር። የበሩ ጠባቂ ዞሮ ሁለታችንንም አየን።